የመካከለኛው ዘመን ግንቦች እንዴት ተሠሩ? እንዴትስ ተጠበቁ?

ግንብ ሲባል በኢትዮጵያ ልጆች አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው በጎንደር የሚገኘው የአፄ ፋሲል ግንብ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ግን ከእሱ ቀደም ብሎ፣ ከ11ኛው እስከ 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአውሮፓ የተሠሩትን ግንቦች ነው። የጎንደሩ ግንብ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የታነጸ፣ ከሁሉ በፊት ለንጉሥ መቀመጫነት የታሰበ ቤተ መንግሥት ሲሆን፣ የአውሮፓዎቹ ግን የአንድ ጌታ መኖሪያም የጦር ምሽግም ነበሩ። በአማርኛ ለልጆች የተዘጋጀ ማብራሪያ በቀላሉ ስለማይገኝ እዚህ በአንድ ላይ ተሰባስቧል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከእንግሊዝ በስተ ምዕራብ ባለችው በዌልስ፣ በሰሜኑ ክፍል ስለተሠሩት ግንቦች የተረፈው የደመወዝና የወጪ መዝገብ እጅግ ብዙ ስለሆነ ሰፊውን ቦታ የሚይዙት እነሱ ናቸው።

ከአፈር ክምር ወደ ድንጋይ

ከመጀመሪያዎቹ ግንቦች ብዙዎቹ ድንጋይ አልነበራቸውም። የኖርማንዲው መስፍን ዊሊያም በ1066 ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝን በወረረ ጊዜ ወታደሮቹ ጥልቅ ጉድጓድ ዙሪያውን ይቆፍሩና አፈሩን መሐል ላይ ከምረው ጉብታ ይሠሩ ነበር። በጉብታው አናት ላይ የእንጨት ማማ ያቆማሉ፤ ከሥሩ ደግሞ ፈረሶች፣ ጎተራና ወጥ ቤት የሚያርፉበትን ግቢ በእንጨት አጥር ያጥራሉ። በፈረንሳይ ባዩ ከተማ በሚገኘው ታዋቂ ጥልፍ ላይ በሄስቲንግስ አካፋ የያዙ ሰዎች እንዲህ ያለውን ጉብታ ሲሠሩ ይታያሉ። ይህ ዓይነቱ ግንብ ፈጥኖ ይሠራ ነበር፤ ነገር ግን እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ጠላት እሳት ሲለቅበትም ይነዳል።

ስለዚህ አቅም ያላቸው ነገሥታትና መሳፍንት ወደ ድንጋይ ዞሩ። በለንደን ነጩ ማማ የሚባለው ሕንፃ በ1070ዎቹ መጨረሻ የተጀመረ ሲሆን ቁመቱ 27 ሜትር ያህል ነው። በ1127 ገደማ የተጀመረው የሮቸስተር ማማ ደግሞ ከ30 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ሮቸስተር በድንጋይ ማማዎች ላይ ለነበረው ታላቅ ድክመት ጥሩ ምሳሌ ነው። አራቱም ጠርዞቹ ማዕዘን ነበሩ፤ ማዕዘን ደግሞ ከሥሩ ከተቆፈረ ይወድቃል። በ1215 ንጉሥ ጆን ያመፁበትን መኳንንት በዚህ ግንብ ውስጥ ከበበ። ቆፋሪዎቹ በአንዱ ማዕዘን ሥር ዋሻ ቆፍረው ጣሪያውን በእንጨት ምሰሶ ደገፉት። ንጉሡም እሳት ማቀጣጠያ እንዲሆኑት በጣም የሰቡ፣ ለመብል ግን የማይመረጡ 40 አሳማዎች በአስቸኳይ እንዲላኩለት ደብዳቤ ጻፈ። በስቡ የተቀጣጠለው እሳት ምሰሶዎቹን ሲበላቸው ማዕዘኑ ከነማማው ተደረመሰ። በኋላ ሲጠገን ክብ ሆኖ ስለተሠራ ዛሬ ሮቸስተርን የሚጎበኝ ሰው ሦስት ባለማዕዘንና አንድ ክብ ጠርዝ ያያል።

ከዚህ በኋላ ክብ ማማዎች እየበዙ ሄዱ። ክብ ግድግዳ በቀላሉ የሚሰነጠቅ ጠርዝ የለውም፤ የተወረወረበት ድንጋይም ብዙ ጊዜ ተንሸራቶ ያልፋል። በሶርያ የመስቀል ጦረኞች የያዙት ክራክ ዴ ሼቫልዬ የተባለው ግንብም በ1271 በሱልጣን ባይባርስ እስኪወሰድ ድረስ በሁለት ቅጥሮቹ የታወቀ ነበር።

የኤድዋርድ ግንቦች በዌልስ

የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ በ1282 እና በ1283 በተደረገው ጦርነት ሰሜን ዌልስን ድል ካደረገ በኋላ አገሩን በግንቦች ሰንሰለት ለማሰር ወሰነ። ኮንዊ፣ ሃርሌክና ካርናርቨን በ1283 ተጀመሩ፤ ቦማሪስ በ1295 ተከተለ። ሥራውን በዋናነት የመራው በዛሬው የፈረንሳይ፣ የስዊዘርላንድና የጣሊያን ድንበር አካባቢ ከነበረው ከሳቮይ የመጣው ሊቀ ግንበኛ ጄምስ ነው። የንድፉ ሁሉ ባለቤት እሱ ብቻ ስለመሆኑ ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ ሥራውን አደራጅቶ ዳር ማድረሱ ግን አያጠራጥርም።

የሠራተኞቹ ብዛት ከማንኛውም ሌላ ነገር በላይ ያስደንቃል። በ1286 በጋ በሃርሌክ ብቻ 227 ግንበኞችና ድንጋይ ጠራቢዎች፣ 115 ድንጋይ ፈላጮች፣ 30 ቀጥቃጮች፣ 22 አናጢዎችና 546 የቀን ሠራተኞች ነበሩ። ብዙዎቹ ከእንግሊዝ ልዩ ልዩ አውራጃዎች በትእዛዝ ተሰብስበው በእግራቸው የመጡ ናቸው። የነገሥታቱን ስም በታሪክ መጻሕፍት ማንበብ ይቻላል፤ የእነዚህን ሰዎች ሥራ ግን ድንጋዩ ራሱ ነው የሚመሰክረው።

ለሥራው የወጣው ገንዘብም ቀላል አልነበረም። ኮንዊ ከከተማው ቅጥር ጋር ወደ 15,000 ፓውንድ ፈጅቷል። አንድ ፓውንድ 240 ፔኒ ነበር፤ አንድ የቀን ሠራተኛ በቀን ሁለት ፔኒ ያህል ያገኝ ነበር። ስለዚህ ይህ ገንዘብ የ1,800,000 ቀን የጉልበት ዋጋ ነው ማለት ነው። ሊቀ ግንበኛ ጄምስ በየካቲት 1296 ከቦማሪስ ለንጉሡ ሹማምንት በላከው ደብዳቤ 400 ግንበኞች፣ 2,000 ረዳቶች፣ 200 ድንጋይ ፈላጮች፣ 100 ጋሪዎች፣ 60 ትልልቅ ሠረገላዎችና 30 ጀልባዎች እንደሚያስፈልጉት ዘርዝሮ ገንዘቡ ስለ እግዚአብሔር ብለው ቶሎ እንዲላክ ተማጽኗል። ገንዘቡ እንደተፈለገው አልመጣም፤ ኤድዋርድ ፊቱን ወደ ስኮትላንድ ጦርነት ስላዞረ የቦማሪስ ማማዎች እስከ ዛሬ ድረስ ሙሉ ቁመታቸውን አላገኙም።

ግድግዳው እንዴት ይቆማል?

ቦታው አስቀድሞ በጥንቃቄ ይመረጣል። ሃርሌክ በገደል አናት ላይ የቆመው ጠላት በአንድ በኩል ብቻ እንዲቀርብ ነው፤ ስሙ ውብ ረግረግ ማለት የሆነው ቦማሪስ ግን ሜዳ ላይ ስለሆነ በውሃ የተሞላ ቦይ ተከቦለታል። አራቱም ግንቦች ባሕር ዳር መሆናቸው ለምን እንደጠቀመ በኋላ ይታያል።

ወፍራሙ ግድግዳ እስከ ውስጡ ድረስ የተጠረበ ድንጋይ አይደለም። በውጭና በውስጥ በኩል ሁለት የተስተካከሉ ገጾች ይገነባሉ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በድንጋይ ስብርባሪና በኖራ ይሞላል። ኖራው የሚገኘው የኖራ ድንጋይ በምድጃ ውስጥ ለቀናት ተቃጥሎ ነው፤ ከዚያ በውሃ ይበርድና ከአሸዋ ጋር ይለወሳል። የጎንደር ግንበኞችም ድንጋያቸውን ያያያዙት በኖራ መሆኑን፣ ሥራቸውም ዛሬ ድረስ መቆሙን እዚህ ላይ ማስታወስ ተገቢ ነው። ኖራ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅና ውርጭ ስለሚጎዳው የአውሮፓ ግንበኞች ግንባታውን በብርዱ ወራት አቋርጠው ያልተጠናቀቀውን ግድግዳ በገለባና በፍግ ይሸፍኑት ነበር።

ግንበኛው ግድግዳው ቀጥ ብሎ መቆሙን የሚያረጋግጠው ዛሬም በየግንባታ ቦታው በምናየው ቱምቢ ነው። ከፍ ሲል መቆሚያ ይፈልጋል፤ ስለዚህ በግድግዳው ላይ ቀዳዳ እየተተወ ወፋፍራም እንጨቶች ይሰካሉ፣ በላያቸውም ሳንቃ ይነጠፋል። በሃርሌክ ማማዎች ላይ እነዚህ ቀዳዳዎች እንደ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ላይ እየዞሩ ሲወጡ ይታያሉ፤ ሠራተኞቹ ድንጋዩን በዚያ ዳገት ላይ እየጎተቱ ያወጡ ነበር። ከባዱ ሸክም ደግሞ ሰው በውስጡ እየተራመደ በሚያዞረው ትልቅ የእንጨት መንኮራኩር ይነሣል። ይህን ሁሉ በዓይን ማየት የሚሻ በፈረንሳይ ቡርጎኝ ውስጥ ጌድሎን በተባለ ስፍራ ከ1997 ጀምሮ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዘዴ እየተሠራ ያለ አዲስ ግንብ አለ።

ጠላት ሲመጣ

ግንብ የተሠራው ጥቂት ሰዎች ብዙ ሰዎችን አግተው ርዳታ እስኪደርስ እንዲቆዩ ነው። ለሃርሌክ በሰላም ጊዜ የተመደቡት ተዋጊዎች 30 ብቻ ነበሩ፤ ከእነሱም 10ሩ እንደ ጠመንጃ በምላጭ የሚለቀቅ ቀስት የያዙ ናቸው። አንድ ቄስ፣ አንድ አናጢ፣ አንድ ቀጥቃጭና አንድ ግንበኛም አብረዋቸው ነበሩ።

እነዚህ ጥቂቶች ብዙ ረዳት ነበራቸው፤ ረዳታቸው የግንቡ አሠራር ነው። የቀስት ቀዳዳው ከውጭ ሲታይ ቀጭን መስመር ነው፤ ከውስጥ ግን ቀስተኛው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዲያነጣጥር ሰፊ ነው። ማማዎቹ ከግድግዳው ወጣ ብለው ስለተሠሩ ወደ ግድግዳው ሥር የተጠጋ ጠላት ከሁለት ጎን ይመታል። የቅጥሩ ጫፍ እንደ ጥርስ ወጣ ገባ ስለሆነ ወታደሩ በአንዱ ተከልሎ በሌላው ይወረውራል። ከሁሉ ይልቅ የሚጠበቀው በሩ ነው፤ ግድግዳ ሁሉ የሚከፈተው በዚያ ነውና። በካርናርቨን የንጉሡ በር በተባለው መግቢያ አጥቂው ሁለት ተነሺ ድልድዮችን ተሻግሮ፣ አምስት በሮችንና ከላይ የሚወርዱ ስድስት ፍርግርጎችን አልፎ እንዲገባ ታቅዶ ነበር፤ በመተላለፊያው ጣሪያ ላይም ድንጋይ የሚለቀቅባቸው ቀዳዳዎች ነበሩ።

ስለ ፈላ ዘይት የሚነገረው ወሬ ብዙውን ጊዜ የተጋነነ ነው፤ ዘይት ውድ ስለነበረ በአብዛኛው የሚወረወረው ድንጋይ፣ የሚፈሰውም የፈላ ውሃ ነበር። ጠመዝማዛ ደረጃዎች ወደ ቀኝ የሚዞሩት ተከላካዩ ሰይፉን እንደልብ እንዲያወዛውዝ ነው የሚለው ማብራሪያም በብዙ መጻሕፍት ቢገኝም፣ ወደ ግራ የሚዞሩም ስላሉ በሙሉ ልብ መቀበል ያስቸግራል።

አጥቂዎቹም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። መሰላልና በር መምቻ ግንድ ነበራቸው። በአንድ ጫፉ ከባድ ሸክም ያለበትና ሸክሙ ሲወርድ በሌላው ጫፍ ያለውን ድንጋይ የሚያስፈነጥር ግዙፍ ወንጭፍም ሠርተዋል። ኤድዋርድ በ1304 የስኮትላንዱን ስተርሊንግ ግንብ በከበበ ጊዜ «የጦር ተኩላ» የተባለ እንዲህ ያለ መሣሪያ አሠራ፤ የተከበቡት እጃቸውን ለመስጠት ቢፈልጉም መሣሪያውን ሳይሞክረው አልቀበልም አለ።

የሆነ ሆኖ ብዙ ከበባዎች የተፈቱት በረሃብ ነው። ስለዚህ የውሃ ጉድጓድና የሞላ ጎተራ ከማማ ያላነሰ ዋጋ ነበራቸው። በኖርማንዲ ሻቶ ጋያር በተከበበ ጊዜ አዛዡ ቀለብ እንዲበቃው መዋጋት የማይችሉትን ሰዎች አስወጣ፤ የመጀመሪያዎቹ ሲያልፉ የኋለኞቹ በግንቡና በከባቢዎቹ መካከል መውጫ አጥተው በብርድና በረሃብ ብዙዎቹ አለቁ። ግንቡም በ1204 ተያዘ። ፈረንሳውያኑ ወደ መካከለኛው ግቢ የሾለኩት በመጸዳጃው ቀዳዳ ነው የሚሉ አሉ፤ ሌሎች ደግሞ በጸሎት ቤቱ መስኮት ነው ይላሉ።

የዌልስ ግንቦች ግን ባሕር ነበራቸው። በ1294 ማዶግ የተባለ የዌልስ መስፍን ሲያምፅ ግንባታው ያላለቀውን ካርናርቨንን ያዘ፤ ሃርሌክን ግን 37 ያህል ሰዎች ከአየርላንድ በመርከብ በሚመጣላቸው ስንቅ ተደግፈው ጠበቁት። ስንቁ የሚገባው ከገደሉ ሥር ጀምሮ በሚወጣ 108 ደረጃ ባለው መንገድ ነበር።

ድንጋይና ስንቅ የማይመልሱት ተንኮልም አለ። በ1401 በስቅለት ዕለት የኮንዊ ጠባቂዎች በከተማው ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት በወጡበት ሰዓት የዌልስ ዓመፅ መሪ የነበረው የኦዋይን ግሊንዱር ዘመዶች የሆኑት የወንድማማቾቹ የሪስና የግዊሊም ሰዎች አናጢ መስለው ወደ በሩ ቀረቡ፤ በር ጠባቂዎቹን ገድለውም በስምንት ማማ የታጠረውን ግንብ ያለ ከበባ ያዙት። ሃርሌክም በ1404 በኦዋይን እጅ ገባ፤ እንግሊዞች ያስመለሱት በ1409 ነው።

መድፍ እየተሻሻለ ሲሄድ ረዣዥሞቹ ግድግዳዎች ጥቅማቸው ቀነሰ፤ ቢሆንም ሃርሌክ በ1647 በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ለንጉሡ እስከ መጨረሻ ከቆዩት ግንቦች አንዱ ነበር። አራቱ የኤድዋርድ ግንቦች በ1986 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ባሕሩ ከሃርሌክ ስለራቀ መርከቦች ይቆሙበት የነበረው ቦታ ዛሬ ሜዳ ሆኗል፤ 108ቱም ደረጃዎች ከዚያ ሜዳ ተነሥተው ወደ ግንቡ ይወጣሉ።