ቴምብር ሰብሳቢዎች ከአልበሙ ውጪ

ቴምብር መሰብሰብ ተቀምጦ የሚሠራ ነገር ነው። ሰብሳቢው አንገቱን ደፍቶ በወረንጦና በአጉሊ መነጽር የቴምብሩን ጥርስ ይቆጥራል፣ የማኅተሙን ቀን ያነባል፣ ገልብጦ ሙጫው ተነክቶ እንደሆነ ያያል። ሁለት ሰዓት እንዲህ ከተሠራ በኋላ ዓይን ይፈዛል። የፈዘዘ ዓይን ደግሞ የተጠገነውን ቴምብር ደህና ነው ብሎ ያሳልፋል። ብዙ ሰብሳቢዎች ጎን ለጎን ሌላ መዝናኛ የሚይዙት ለዚህ ነው። ከመዝናኛዎቹ የሚመረጠው ከወንበር የሚያስነሳ ወይም ዓይንን የሚያሳርፍ፣ በአልበሙ ሥራ የተገኘውን ትዕግሥትና የመመዝገብ ልማድ የሚጠቀም፣ ሲመለስም ለአልበሙ አንድ ነገር ይዞ የሚመጣ ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ አጭር ሞገድ ሬዲዮ ማዳመጥና ወፍ መመልከት ቀዳሚዎቹ ናቸው።

ብዙዎች ግን መጀመሪያ የሚያዘነብሉት ወደ ሳንቲም ነው። መንገዱ ቅርብ ስለሆነ አያስገርምም፤ የአፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮችም ብሮችም ፓሪስ ላይ የተሠሩ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው፤ ቴምብሮቹ እ.ኤ.አ. የ1894 ናቸው፣ ብሩ ላይ የተጻፈው ደግሞ 1887 ዓ.ም. ነው። ጠገራ ብር የምንለው የማርያ ቴሬዛ ብርም በማንኛውም ዘመን ይመታ፣ የሚነበብበት ዓመት ያው 1780 ነው። ክብደቱ 28.07 ግራም ገደማ ሲሆን ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። ስለዚህ እስከ 0.01 ግራም የሚለይ ትንሽ ሚዛን ያለው ሰው ብዙውን ሐሰተኛ ገና ሳይገዛ ይለየዋል። ሳንቲም ክቡር ሙያ ነው፤ እረፍት ግን አይሆንም። ያው መሰብሰብ ነው፣ ያው ጠረጴዛ ላይ መደፋት ነው፣ በጀቱንም ለሁለት ይከፍለዋል። የቴምብር ሰው ሳንቲም ሲጀምር ከሁሉ በፊት የሚፈጽመው ጥፋት ደግሞ ማጠብና መወልወል ነው። ቴምብርን ከፖስታው ወረቀት በውኃ ማላቀቅ የለመደ እጅ ሳንቲሙንም ማጽዳት ያምረዋል፤ የተወለወለ ሳንቲም ግን ዋጋውን አጥቶ ይቀራል፣ ማስመለሻም የለውም።

አጭር ሞገድ እና የማረጋገጫ ካርዱ

ከሩቅ አገር የሚተላለፍ ጣቢያ አዳምጦ፣ ምን እንደሰማና እንዴት እንደተሰማው ለጣቢያው በደብዳቤ ጽፎ፣ በምላሹ ኪውኤስኤል የሚባለውን የማረጋገጫ ካርድ መቀበል ከሬዲዮ የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት ጀምሮ ያለ ልማድ ነው። ለቴምብር ሰብሳቢ የሚስማማው ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዓይን ያርፋል፣ ጆሮ ይሠራል፤ ካርዱም የሚመጣው የዚያ አገር ቴምብር በተለጠፈበትና ማኅተም በተመታበት ፖስታ ነው። ኢትዮጵያም በዚህ ዓለም ስሟ የታወቀ ነው። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ላይ የከፈተው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ እስከተወረሰበት እስከ 1977 ድረስ ከአገር አልፎ ይሰማ ነበር፤ ካርዶቹን ዛሬም ሰብሳቢዎች ይፈልጓቸዋል። ግለሰቦች በፍላጎታቸው እርስ በርስ በሚገናኙበት በአማተር ሬዲዮ በኩል ደግሞ ኢቲ3ኤኤ የሚለው የአዲስ አበባ ክበብ መጥሪያ በብዙ አገር ካርድ መያዣ ውስጥ ይገኛል።

ለመጀመር ብዙ ዕቃ አይጠይቅም። ፍሪኩዌንሲውን በቁጥር የሚያሳይ፣ በባትሪ የሚሠራ ተንቀሳቃሽ ሬዲዮ ይበቃል። ቀስቱን በዓይን ግምት የሚያሳይ አሮጌ ሬዲዮ ጣቢያ ለመስማት ቢሆንም፣ ሪፖርት ለመጻፍ ግን ትክክለኛውን ኪሎ ኸርትዝ ስለማይነግር ያስቸግራል። የሬዲዮው ራስ አንቴና ከደከመ ከ7 እስከ 10 ሜትር የሚደርስ ፕላስቲክ የለበሰ የመዳብ ሽቦ፣ ተራ የመብራት መስመር ሽቦ ቢሆንም፣ ከመስኮት እስከ ዛፍ ወይም እስከ አጥር ይወጠራል። የዛፉን ጫፍ በናይለን ገመድ ማሰር ይገባል፤ ሽቦው ራሱ እርጥብ ቅርንጫፍ መንካት የለበትም። ከመስኮቱ ውጪ ሽቦው ወደ ታች ጎበጥ እንዲል አድርጎ ከዚያ ወደ ላይ ማስገባት የዝናብ ውኃ ተከትሎት ቤት እንዳይገባ ያደርጋል። ጫፉ ተልጦ በመቆንጠጫ ከሬዲዮው አንቴና ጋር ይያያዛል። ረዘም ባለ ቁጥር ይሻላል ብሎ 30 ሜትር መወጠር ስህተት ነው። ርካሽ ሬዲዮ ኃይለኛ ሲግናል ሲበዛበት አንዱን ጣቢያ በሌላ ቦታ ደግሞ ያሰማል፤ አዳማጩም በሌለበት ፍሪኩዌንሲ ጣቢያ አገኘሁ ብሎ ይጽፋል። በክረምት መብረቅ ሲጀምር ሽቦው ከሬዲዮው ተላቆ ከቤት ውጪ መሆን አለበት። በዚህ ላይ መዘናጋት አይፈቀድም።

ከተማ ውስጥ ትልቁ ጠላት የጎረቤት ጣቢያ ሳይሆን የራስ ቤት ነው። የኤልኢዲ አምፖል፣ የስልክ ቻርጀር፣ የቴሌቪዥን ፓወር ሰፕላይና ኢንቬርተር የማያቋርጥ እሽታ ይፈጥራሉ። ምንጩን ለማግኘት ሬዲዮውን በባትሪ ከፍቶ፣ የቆጣሪ ሳጥኑን ብሬከሮች አንድ በአንድ ማጥፋት ነው። እሽታው ሲቆም በዚያ መስመር ያለውን ዕቃ ሁሉ ነቅሎ አንድ በአንድ መልሶ መሰካት ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ አጥፊው አንድ ርካሽ ቻርጀር ሆኖ ይገኛል።

የትኛው ባንድ (የፍሪኩዌንሲ ክልል) መቼ እንደሚሠራ የሚወስነው ፀሐይ ነው። ቀን ላይ ከፍ ያሉት፣ ማለትም 16 እና 19 ሜትር ባንድ፣ ከሩቅ ያመጣሉ፤ ሲመሽ 31 እና 41 ሜትር ይከፈታሉ፤ ሌሊት 49 ሜትር፣ ከ5900 እስከ 6200 ኪሎ ኸርትዝ ያለው፣ ይሞላል። ጣቢያዎች ፍሪኩዌንሲያቸውን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፈረንጆች ማርችና ኦክቶበር የመጨረሻ እሑዶች፣ ይቀይራሉ። ባለፈው ወር የተሰማው ጣቢያ ድንገት ቢጠፋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው፤ ሬዲዮውን መፍታት አያስፈልግም።

ሪፖርቱ ላይ የሚበላሸው ነገር በአብዛኛው ሰዓት ነው። ጣቢያዎች የሚሠሩት ዩቲሲ በሚባለው የዓለም የጋራ ሰዓት ስለሆነ የእኛን ሰዓት አቆጣጠር ወደዚያ መመለስ ግድ ነው። ቀላሉ መንገድ በቀን ሰዓታት ላይ 3፣ በማታና በሌሊት ሰዓታት ላይ 15 መደመር ነው፤ 12 ሰዓት እንደ 0 ይቆጠራል። ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት 1400 ዩቲሲ ይሆናል፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት 1600 ይሆናል። ድምሩ 24 ሲሞላ ወይም ሲያልፍ 24 ይቀነሳል። ቀኑ ላይ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የተሰማ ፕሮግራም 2200 ዩቲሲ ነው፣ ቀኑም ገና ሐሙስ ነው፤ በዩቲሲ ዓርብ የሚገባው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ወደ ፈረንጅ ቀን ከዚያ በኋላ መቀየር ነው እንጂ መጀመሪያ ቀኑን ከቀየሩ አንድ ቀን መሳት አይቀርም። ቀኑ የተሳተ ሪፖርት ከጣቢያው መዝገብ ጋር ስለማይገጥም ካርድ አያስገኝም።

የመስሚያው ጥራት ሲንፖ በሚባሉ አምስት አኃዞች ይገለጻል። በቅደም ተከተል የሲግናሉ ጥንካሬ፣ የሌላ ጣቢያ ጣልቃ ገብነት፣ የእሽታው መጠን፣ ድምፁ እየራቀ እየቀረበ መዋዠቁ፣ በመጨረሻም ጠቅላላ ውጤቱ ናቸው። 5 ምርጡ፣ 1 መጥፎው ነው፤ ጣልቃ ገብነት 5 ማለት ጭራሽ የለም ማለት እንጂ በዝቷል ማለት አይደለም። ጀማሪ ለማስደሰት ብሎ 55555 ይጽፋል። ይህ ለጣቢያው መሐንዲስ ምንም አይጠቅመውም፤ 43433 ብሎ ከሦስቱ 3 ነጥቦች ጎን ምክንያቱን የጻፈ ሰው ግን ይከበራል። ከዚህ በተጨማሪ ቢያንስ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ የተሰማው ይዘት በደቂቃ ተከፍሎ መጻፍ አለበት፤ «ዜና ነበር» አይበቃም፣ የትኛው ዜና በስንተኛው ደቂቃ እንደሆነ ነው የሚፈለገው። የሬዲዮው ዓይነት፣ የአንቴናው ርዝመትና ቦታው ይጨመራል። የኢትዮጵያ ፖስታ የሚታደለው በፖስታ ሳጥን ስለሆነ የፖ.ሣ.ቁ. በግልጽ ካልሰፈረ ካርዱ አይደርስም።

ለመልሱ የቴምብር ዋጋ መላክ የቆየ ጨዋነት ነው። ለዚህ ሲባል የዓለም ፖስታ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1906 ሮም ላይ በተቀባዩ አገር በቴምብር የሚለወጥ ዓለም አቀፍ የመልስ ኩፖን ፈጥሮ ነበር። ዛሬ ኩፖኑ በብዙ አገር አይሸጥም፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2013 መሸጥ አቁማለች። የቴምብር ሰብሳቢ ብልጫ እዚህ ላይ ይታያል፤ ማኅተም ያልተመታባቸው የዚያን አገር ትርፍ ቴምብሮች ከአልበሙ አውጥቶ መላክ ይችላል። ግን አገልግሎታቸው ያላለፈ መሆኑን ማወቅ አለበት። የአሜሪካ ቴምብር ከ1861 ወዲህ የታተመው ሁሉ ዛሬም ይሠራል። የጀርመን ግን በማርክ ዋጋ የወጣው ከ2002 አጋማሽ ጀምሮ ዋጋ የለውም። የብሪታንያ የንጉሣውያን ምስል ያለበት ዕለታዊ ቴምብር ደግሞ ባርኮድ ከሌለው ከ2023 ጁላይ መጨረሻ በኋላ አይሠራም፤ የመታሰቢያዎቹ ግን ይሠራሉ።

ካርዱ ሲደርስ ቴምብሩን ከፖስታው ማላቀቅ አይገባም። ቴምብሩ፣ ማኅተሙ፣ አድራሻውና ካርዱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ሙሉ ማስረጃ የሚሆኑት። ፖስታው ከሦስት ጎን በመቀስ ሳይቆረጥ፣ ከላይ ብቻ በስለት ተከፍቶ፣ ከካርዱ ጋር በአንድ ከረጢት ይቀመጣል። ከረጢቱ የፖሊፕሮፒሊን ወይም የፖሊስተር መሆን አለበት። ፒቪሲ ፕላስቲክ በጊዜ ብዛት እየወዛ ከካርዱ ቀለም ጋር ይጣበቃል፤ ሽታው ገና ሲገዛ ያስታውቃል። ማስታወሻ የሚጻፍ ከሆነ ጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ ብቻ ነው።

ወፍ መመልከት

ኢትዮጵያ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተከታታይ የወፍ ቴምብሮችን አውጥታለች፤ ብዙ ሰብሳቢም ወደ ወፍ የሚሄደው በእነሱ በኩል ነው። ቴምብር ላይ ያለችው ወፍ በጎኗ ቆማ፣ ቀለሟ ሁሉ ጎልቶ ነው የምትታየው። ሜዳ ላይ ግን የሚታየው ጥላ፣ የአበራረር ሁኔታና ድምፅ ነው። ስለዚህ የአልበም ሰው መጀመሪያ መልመድ ያለበት ከቀለም ይልቅ ቅርጽን መያዝ ነው፤ የመንቁር ርዝመት፣ የጅራት ጫፍ፣ ሲበር ክንፉን እንዴት እንደሚመታ።

ቢኖኩላር ሲገዛ 8x42 (8 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ) ተመራጭ ነው። 10x ያጎላል፣ ግን የእጅ መንቀጥቀጥንም አብሮ ያጎላል፤ ከሚታይበት ስፋትም ይቀንሳል። ብዙ ሰው ዕቃው መጥፎ ነው ብሎ የሚጥለው ሳያስተካክለው ነው። አስተካካዩ መንገድ ይህ ነው፦ ሁለቱ ክቦች አንድ ክብ እስኪሆኑ ድረስ ቱቦዎቹን ማቀራረብ፤ ቀኝ ዓይንን ጨፍኖ በመሃለኛው ዘንግ ለግራ ዓይን ማጥራት፤ ከዚያ ግራውን ጨፍኖ ዘንጉን ሳይነኩ የቀኙን ቀለበት ማዞር። ከዚያ በኋላ ቀለበቱ አይነካም፣ በዘንጉ ብቻ ይሠራል። መነጽር የሚያደርግ ሰው የዓይን ጎማዎቹን ወደ ውስጥ ማስገባት አለበት፤ አለበለዚያ ዳር ዳሩ ጥቁር ሆኖ ይታየዋል።

አዲስ አበባ ላይ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአፍሪካ ቀንድ ውጪ የማይገኘው፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ባለ ወፍራም መንቁር ቁራ በከተማው ይበራል። ጉሮሮው ላይ ሥጋ የሚንጠለጠልበት ኢቢስም ጠዋት እየጮኸ ያልፋል፤ አንገቷ ነጭ የሆነችው ርግብ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ ትታያለች። በአምቦ መንገድ ያለው ገፈርሳ ግድብ ሰማያዊ ክንፍ ዝይን ለማየት የታወቀ ነው፤ ግድብ አካባቢ ግን ካሜራና ቢኖኩላር ከማውጣት በፊት ጥበቃውን ማነጋገር ነገር ያቀላል። የተመቸው ሰዓት ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 3፡30 ነው። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ወፎች በመስከረምና በጥቅምት ይገባሉ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ይመለሳሉ። በአካባቢ ብቻ የሚኖሩትን ለይቶ ለመልመድ ስለዚህ ግንቦትና ሰኔ መጀመሪያ ለጀማሪ ይቀላሉ። ስሙን ከመገመት በፊት የታየውን በማስታወሻ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ስም መጀመሪያ ከተሰጠ ዓይን ስሙን የሚደግፈውን ብቻ ነው የሚያየው። ይህ ልማድ ወደ አልበሙ ሲመለሱም በቴምብር መለየት ላይ በቀጥታ ይሠራል።

ሰንጠረዥ

ለዝናብ ቀንና ለሁለት ሰዎች ሰንጠረዥ አለ። የቀድሞው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ከዓለም አቀፉ ቼዝ በተለይ የሚለየው በአጀማመሩ ነው። ወረራ በሚባለው የመጀመሪያ ክፍል ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ አንዱ የሌላውን እያየ ጠጠሮቹን ይደረድራል፤ ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። ሰሌዳውም በነጭና በጥቁር የተዥጎረጎረ ሳይሆን መስመር ብቻ የተሠመረበት ጨርቅ ሊሆን ስለሚችል በቤት ውስጥ ማዘጋጀት አይከብድም፤ 8 በ8 ቤት መሥመር ይበቃል። የተለመደው የቼዝ ጠጠር ይሠራበታል።