የቢሮ ቀልድ ኮሚክ ወደ ቴሌቪዥን አኒሜሽን ሲቀየር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ለወጣቶች አኒሜሽን ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ የቢሮ ቀልድ ሥሎ የሚመጣ ሰው ሁሉ «ታሪኩ አልቋል፤ የቀረው ማንቀሳቀስ ነው» ይለኛል። የብዙ ተማሪዎቼን ድካም ከንቱ ያስቀረ አባባል በመሆኑ፣ በትዕግሥት መስማቱ ከብዶኛል።

ባለሦስት ሣጥን ቀልድ ጮክ ተብሎ ቢነበብ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሰከንድ ይፈጃል፤ የግማሽ ሰዓት ፕሮግራም ግን ማስታወቂያው ተቀንሶ 22 ደቂቃ ያህል ይጠይቃል። መቶ ቀልድ ቢደረደር ሰዓቱ ይሞላ ይሆናል እንጂ ታሪክ አይወጣውም። አሜሪካዊው የኮሚክ ሠዓሊ ስኮት አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1989 የጀመሩት የቢሮ ቀልድ ኮሚክ «ዲልበርት» በ1999 ዩፒኤን በተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ በአኒሜሽን ሲቀርብ፣ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ልምድ ካላቸው ከላሪ ቻርልስ ጋር ያዘጋጁት ለዚህ ነው፤ የመጀመሪያው ምዕራፍም አንድ አዲስ ምርት በመፍጠር ውጣ ውረድ ላይ ተገነባ።

አንድ ተማሪዬ ማኅተም ፍለጋ ስለሚንከራተት ባለጉዳይ የሣለው ቀልድ ነበር፤ በመጨረሻው ሣጥን ላይ የመሳቢያውን ቁልፍ የያዙት ሰው «ስብሰባ ላይ ናቸው» ይባላል። በወረቀት ላይ ሁላችንንም አሥቆናል፤ እንዳለ ስናንቀሳቅሰው ግን ማንም አልሣቀም። በሣጥኖቹ መካከል ባለው ነጭ ክፍተት አንባቢው ራሱ የሚገምተውን ረጅም ጥበቃ እኛ በሁለት ሰከንድ አልፈነው ነበር። ባለጉዳዩን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ የሻይ ብርጭቆዎች ወደ ቢሮው ሲገቡና ሲወጡ እሱ ብቻ ሳይጠራ ሲቀር ካሳየን በኋላ ነው ሣቁ የተመለሰው።

«ኮምፒዩተሩ ይሠራዋል» የሚሉም አሉ። በሰከንድ 24 ፍሬም (በተከታታይ የሚታይ ነጠላ ምስል) ሲሆን እያንዳንዱ ሥዕል ለሁለት ፍሬም ቢያገለግል እንኳ 22 ደቂቃ 15,840 ሥዕል ይፈልጋል፤ ኮምፒዩተር መካከሉን ለመሙላት ቢያግዝም ገጸ ባሕርይው የት ላይ ዝም ማለት እንዳለበት የሚወስነው ሰው ነው።

«ድምፅ መጨረሻ ላይ ይጨመራል» የሚለውም ስሕተት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ድምፁ አስቀድሞ ተቀርጾ የአፍ እንቅስቃሴው በልኩ ይሣላል።

ኮሚኩ ዝነኛ ከሆነ ተከታታዩ ይዘልቃል ለሚሉ ደግሞ፣ «ዲልበርት» የመግቢያ ንድፉ ለቴሌቪዥን ሥራዎች የሚሰጠውን የአሜሪካ የኤሚ ሽልማት አግኝቶም በ30 ክፍል እ.ኤ.አ. በ2000 መቋረጡን አስታውሳለሁ።

ስለዚህ ወደ እኔ የምትመጡ ወጣቶች ከሥዕሉ ጋር ለየገጸ ባሕርይው አንድ አንድ ገጽ ጽፋችሁ ኑ፦ ምን እንደሚፈልግ፣ ማንን እንደሚፈራ፣ የአለቃውንም በር እንዴት እንደሚያንኳኳ።