እግርን ለመታጠብ መቀመጥ

በጌታ የተወደዳችሁ ወገኖች፣ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በአዳምስ ሞርጋን ሰፈር፣ በኮሎምቢያ ጎዳና በኩል ያለፋችሁ ከአንድ ሕንፃ ፊት ለፊት የቆመውን ሐውልት ሳታዩት አልቀራችሁም። ቆመ ማለቴ ለአነጋገር ነው እንጂ ጌታ ኢየሱስ በዚያ የተቀረፀው ተንበርክኮ፣ እግር ለማጠብ ዝቅ ብሎ ነው። የሕንፃው ስም ክራይስት ሃውስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1985 የተከፈተው፣ ከሆስፒታል ወጥተው የሚተኙበት ቤት የሌላቸው ሕሙማን እስኪያገግሙ ድረስ እንዲታከሙበት ነው፤ በመንገድ ዳር የሚያድር ሰው ቁስሉ እንዴት ይድናል?

ይህን ቤት የወለደው ኅብረት ቸርች ኦቭ ዘ ሴቪየር ይባላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጦር ሠራዊት ቄስ ሆኖ ያገለገለው ጎርደን ኮዝቢ እ.ኤ.አ. በ1947 መሠረተው። አባልነት በዚያ ስም ማስመዝገብ አልነበረም፤ እያንዳንዱ አማኝ በየቀኑ ለመጸለይ፣ ከገቢው ለመስጠትና በአንድ አነስተኛ የአገልግሎት ቡድን ውስጥ ለመትጋት ቃል ይገባ ነበር፣ ቃል ኪዳኑንም በየዓመቱ ያድስ ነበር። ብዙ ሕዝብ ለመሰብሰብ አልጣሩም፤ እኔ እንደማምነው፣ ፍሬያቸው የበዛው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር አልኖሩም። በክራይስት ሃውስ ግን ሐኪሞች ከነቤተሰቦቻቸው ከሕሙማኑ ጋር በአንድ ሕንፃ ውስጥ ኖረዋል፤ ልብ እንድንለው የምፈልገውም ይህንን ነው። የሰጠነውን ሰጥተን ማታ ወደ ቤታችን የምንመለስ ከሆነ፣ የተቸገረው ሰው የሚያውቀን በመልካም ሰዓታችን ብቻ ነው። አብረነው የምንኖር ከሆነ ግን ድካማችንን፣ ቁጣችንን፣ ከትዳር ጓደኛችን ጋር የተኳረፍንበትን ቀን ሁሉ ያያል፤ ያን ጊዜ እርሱም ስለ እኛ ይጸልያል፣ ያጽናናናል፣ አንዳንዴም ይገሥጸናል። ስለ መጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች «ያመኑትም ሁሉ አብረው ነበሩ» ተብሎ ሲጻፍ፣ ሰጪና ተቀባይ ተብለው በሁለት ወገን ተሰልፈው ነበር ማለት አይደለም።

ጴጥሮስ የተቸገረው በዚሁ ጉዳይ ነበር። ሌላውን እጠብ ቢባል ኖሮ ፈጥኖ የሚነሣ ይመስለኛል፤ ተቀምጦ መታጠብ ግን ከበደው፣ ጌታም «ካላጠብሁህ፥ ከእኔ ጋር ዕድል የለህም» አለው። በገጠር ያደግን ሰዎች ይህ አይጠፋንም። መንገድ ያደከመው እንግዳ ሲመጣ የቤቱ ልጅ ውኃ አሙቆ እግሩን ያጥባል፤ እንግዳው «ተው፣ አይገባም» እያለ እግሩን ቢሸሽግ ባለቤቱ እንደ ተናቀ ይቆጥረዋል። በከተማ ግን ብዙዎቻችን እግራችንን መሸሸግ ለምደናል። ስንታመም ለማንም አንናገርም፣ ሥራ ስናጣ ከጉባኤው እንርቃለን፣ ለሌሎች ቅርጫት የምንሞላ ሰዎች በራሳችን ቤት ዱቄት ማለቁን እንደ ነውር እንሰውራለን። ጌታ ግን «እርስ በርሳችሁ» ብሎ አዝዟል፤ ማጠብን ብቻ መርጦ የያዘ የትእዛዙን እኩሌታ ትቶታል፣ ለዚያውም ልብን የሚያዋርደውን እኩሌታ።

ስለዚህ በአንድ ቤት ለመኖር ወይም በአንድ ሰፈር ተጠጋግተው ለማገልገል የሚመክሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ወጥ ቤት ተራ ከመነጋገራቸው በፊት፣ እያንዳንዳቸው የሚያስፈልጋቸውን ነገር በግልጥ ቢነጋገሩ እመክራለሁ። ይህን መናገር የሚያፍር ሰው ቢኖር አትቸኩሉበት፤ ጌታም ጴጥሮስን በትዕግሥት አናግሮታል።

ጎርደን ኮዝቢ ከስልሳ ዓመት በላይ ካገለገለ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 2013፣ በ95 ዓመቱ አረፈ። ያረፈውም ቤት የሌላቸው ሕሙማን በሚታከሙበት በክራይስት ሃውስ ነበር።