የእድሳት የንብረት ታክስ እፎይታ ምንድን ነው?

በጥር 2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከጸደቀ ወዲህ «የታክስ እፎይታ» የሚለው ሐረግ ከፒያሳ ቡና ቤቶች እስከ እድር ስብሰባ ድረስ ከሰው አፍ አይጠፋም። ሰሞኑን ደግሞ ስማቸውን የማልጠቅሳቸው አንድ አስተያየት ሰጪ፣ በቅንነት መሆኑን ሳልጠራጠር፣ «በአሜሪካ አሮጌ ቤቱን ያደሰ ሰው የቤት ግብር አይከፍልም፤ የጣሊያን ዘመን ቤት ያለው ጎንደሬም ካደሰ ሊጠየቅ አይገባም» ሲሉ ሰማሁ። አባባሉን በዚህም በዚያም መልኩ ስሰማው የመጀመሪያዬ አይደለም፤ ኑሮዬ ቤት በመገመት ስለሆነ ግን የአሁኑን በዝምታ ማለፍ አልቻልሁም።

ስህተቱ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። በአገራችን «የግብር እፎይታ» ሲባል ጆሯችን የለመደው ባለሀብት በአዲስ ሥራው ለተወሰኑ ዓመታት ከገቢ ግብር ነፃ የሚሆንበትን ጊዜ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለ ድርጅት ቢያተርፍም ከትርፉ አይጠየቅም። የእድሳት እፎይታ ከዚህ ጋር የሚጋራው ስሙን ብቻ ነው። የሚመለከተው በእድሳቱ ምክንያት በቤቱ ግምት ላይ የተጨመረውን እንጂ ቤቱን በሙሉ አይደለም፤ ቤቱ ከመታደሱ በፊት ይከፈልበት የነበረው ግብር እንደ ወትሮው ይከፈላል።

ነገሩን በበሬ ላስረዳ። አንድ ሰው ከሲታ በሬ ገዝቶ፣ ጭድና ፋጉሎ እያበላ ያደልባል እንበል። ቀረጡ በኪሎ የሚታሰብ ቢሆን፣ ያደለበው ሰው በልፋቱ መጠን ይከፍላል፤ ይህን የሚያይ ጎረቤቱም በሬውን ከሲታ እንደሆነ ማኖርን ይመርጣል። የንብረት ታክስ በአሮጌ ቤት ላይ የሚያመጣው ጣጣ ይኸው ነው፦ ጣራውን የቀየረ፣ ውኃ ያስገባ፣ የተሰነጠቀውን ግድግዳ ያጠናከረ ሰው ግምቱ ከፍ ይልበታል፤ ቤቱን ለዝናብ የተወው ግን ግምቱ ይቀልለታል። እፎይታው ይህን ግልብጥ ያለ ፍርድ ለማቃናት የታሰበ መላ ሲሆን፣ ለአድላቢው «የጨመርኸውን ሥጋ ለአሥር ዓመት አልቆጥርብህም፤ ስትገዛው የነበረውን ኪሎ ግን ክፈል» እንደ ማለት ነው። አስተያየት ሰጪው የሚጠይቁት በሬው እንዳለ ይማርልን ነው። በሬው ሞልቶ ሳይሆን የሥጋ ዋጋ ተወዶ ግምቱ ቢያድግስ? ያ ጭማሪ የአድላቢው የልፋት ውጤት ስላልሆነ፣ በብዙ ቦታ እፎይታው አይደርስበትም። የሰፈሩ መንገድ አስፋልት ስለሆነ የተወደደ ቤትና ባለቤቱ ስላደሰው የተወደደ ቤት በገበያ ላይ አንድ ዓይነት ቢመስሉም፣ ገማቹ ሁለቱን ለይቶ መጻፍ ይጠበቅበታል፤ የሥራችን ከባዱ ክፍልም እርሱ ነው።

አሜሪካ በአስተያየቱ ስለተጠቀሰች ወደዚያው ልሂድ። እዚያ የንብረት ታክስ የሚጣለው በክፍላተ አገራቱ ሕግ መሠረት በየከተማውና በየአውራጃው በመሆኑ፣ «የአሜሪካ አሠራር» የሚባል አንድ ነገር የለም። በፊላደልፊያ በመኖሪያ ቤት እድሳት የተጨመረው ግምት ለ10 ዓመት ሳይቆጠር ይቆያል፤ የመሬቱና የነባሩ ቤት ግብር ግን አይቋረጥም። በኢሊኖይ ባለቤቱ የሚኖርበትና በቅርስነት የታወቀ ቤት፣ ቢያንስ የዋጋውን 25 በመቶ የሚያህል ወጪ ወጥቶበት በደንቡ መሠረት ከታደሰ፣ ግምቱ ለ8 ዓመት ባለበት ይቆምና በቀጣዮቹ 4 ዓመታት ደረጃ በደረጃ ወደ ትክክለኛው ይመለሳል። በዋሽንግተን ግዛት ደግሞ በ24 ወራት ውስጥ የሕንፃውን ግምት ቢያንስ 25 በመቶ ያህል ያወጣ የታሪካዊ ቤት ባለቤት፣ ያወጣው ወጪ ራሱ ለ10 ዓመት ከቤቱ ግምት ላይ ይቀነስለታል። የኒው ዮርክ ከተማ ነባሩ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2022 አጋማሽ ለተጠናቀቀ እድሳት ይሠራ የነበረው ጄ-51 የተባለው ደንብ ግን ሁለት ነገር ያጣምር ነበር፤ የተጨመረው ግምት ሳይቆጠር ይቆያል፣ በዚያም ላይ ተመርምሮ ከጸደቀው ወጪ 8.33 በመቶው በየዓመቱ ከሚከፈለው ግብር ላይ ይነሣ ነበር።

እነዚህን «ያው ነው» ብሎ መጠቅለል ምን ያህል እንደሚያሳስት በቁጥር ላሳይ። ምሳሌው የእኔ ፈጠራ ነው፤ የግብር ምጣኔውም የማንም ከተማ አይደለም። ከእድሳት በፊት 2,000,000 ብር የተገመተ ቤት አለ፤ ባለቤቱ 1,000,000 ብር አውጥቶ አደሰው፤ ከእድሳት በኋላ 2,600,000 ብር ተገመተ፤ ምጣኔው ግማሽ በመቶ ነው። ያለ እፎይታ ግብሩ በዓመት ከ10,000 ወደ 13,000 ብር ያድጋል። ጭማሪው ብቻ በሚማርበት አሠራር ባለቤቱ 10,000 መክፈሉን ይቀጥላል፤ በዓመት የሚተርፈው 3,000፣ በአሥር ዓመት ደግሞ 30,000 ብር ይሆናል። ወጪው ከግምቱ በሚቀነስበት አሠራር ግን ግብር የሚከፈለው በ1,600,000 ብር ላይ ስለሆነ 8,000 ብር ይደርስበታል፤ ማለትም ካላደሰበት ዘመን ያነሰ ይከፍላል። ያው ቤት፣ ያው ወጪ፣ ያው ምጣኔ ሆኖ ውጤቱ እንዲህ ይለያያል። በመጀመሪያው አሠራር አንድ ሚሊዮን ብር ያወጣ ሰው በአሥር ዓመት የሚያተርፈው የወጪውን 3 በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ «መንግሥት የእድሳቱን ወጪ ይመልስላችኋል» የሚሉ ሰዎች ሒሳቡን ሳይሠሩ እንደሚናገሩ ግልጽ ነው።

አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው፣ በምሳሌው አንድ ሚሊዮን ብር ወጥቶ ግምቱ የጨመረው በስድስት መቶ ሺህ መሆኑን ነው። ይህ የስሌት ስህተት አይደለም። ወጪ ሌላ፣ ዋጋ ሌላ ነው። የሲሚንቶና የብረት ደረሰኝ ቁልል ይዘው መጥተው «ይኸው፣ ቤቴ ይህን ያህል ጨምሯል» የሚሉኝ ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ ደረሰኙ የሚነግረኝ የወጣውን እንጂ ገዢ ወይም ተከራይ ለቤቱ የሚሰጠውን አይደለም። ፋጉሎ የበላ በሬ ሁሉ እንደማይደልብ አድላቢ ያውቃል። የተገላቢጦሹም ይሆናል፤ በጥቂት ሺህ ብር ፍሳሹ የተስተካከለ ቤት ከወጪው ብዙ እጥፍ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ እፎይታ የሚያወጣ አካል በወጪ ነው የምለካው ወይስ በተጨመረው ዋጋ የሚለውን አስቀድሞ ካልወሰነ፣ ከገማቹም ከባለቤቱም ጋር ሲነታረክ ይኖራል።

አሜሪካ ውስጥ ለታሪካዊ ሕንፃ እድሳት የሚሰጠው የ20 በመቶ የፌዴራል ቅናሽም ከዚህ ጋር ሲቀላቀል እሰማለሁ። እርሱ የገቢ ግብር ጉዳይ ሲሆን የሚሰጠውም ገቢ ለሚያስገኝ ሕንፃ ነው፤ ሰው ራሱ የሚኖርበትን ቤት አይመለከትም።

ሌላው የሚዘለል ነገር እፎይታው ግዴታ ይዞ መምጣቱ ነው። በኒው ዮርክ በጄ-51 የተጠቀመ የኪራይ ሕንፃ፣ ጥቅሙ እስኪያበቃ ድረስ የኪራይ ቁጥጥር ይጸናበታል። ከ11,000 በላይ መኖሪያዎች ያሉት የማንሃተኑ ስታይቬሳንት ታውንና ፒተር ኩፐር ቪሌጅ የተባለው የመኖሪያ መንደር ባለቤቶች እፎይታውን እየተቀበሉ አንዳንድ ቤቶችን ከቁጥጥር አውጥተው በማከራየታቸው፣ የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ይህ አይቻልም ሲል ወስኖባቸዋል። በነፃ የተሰጠ የሚመስለው እፎይታ በተከራይ በኩል ዋጋ አለው።

«እድሳት» የሚለው ቃልም እንደተፈለገ አይለጠጥም። ቀለም መቀባት እድሳት አይባልም፤ ከግቢው ኋላ አዲስ ሰርቪስ መሥራትም እንዲሁ። በቅርስ ቤቶች ላይ ደግሞ አሠራሩ ራሱ ይመረመራል። በዚህ ረገድ ጎንደር ለማንም የምታስተምረው አላት፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በፋሲል ግቢ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተደረገው ጥገና በሲሚንቶ በመሆኑ፣ በኋላ የመጡት ጠጋኞች ሲሚንቶውን እያነሱ በኖራ ለመተካት ተገደዋል። ኖራ እርጥበት ያስተነፍሳል፣ ሲሚንቶ ግን ያፍናል፤ የታፈነው ድንጋይም ቀስ በቀስ ይፈረፈራል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በተሠሩት፣ በጎንደር ፒያሳና ቸቸላ ሰፈሮች ባሉት ቤቶች ላይ በሲሚንቶ የሚለሰን ግድግዳ ባየሁ ቁጥር፣ ይህ ወጪ በእፎይታ ሊታሰብ ይገባዋል ወይ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። መልሴ አይገባውም ነው።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ አስተያየት ሰጪው ያላዩት ትልቁ ጉዳይ ማን ግብር ከፋይ ነው የሚለው ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ፣ በመሀል ከተማ ካሉት አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ የቀበሌ ቤት ናቸው። በቀበሌ ቤት የሚኖር ሰው የኪራይ ከፋይ እንጂ የቤት ግብር ከፋይ ስላልሆነ፣ እፎይታ ቢታወጅ ለእርሱ የሚቀነስለት ነገር የለም። ጣራው የሚያፈስበት እርሱ ሆኖ ሳለ! ለእንዲህ ዓይነቱ ነዋሪ የሚጠቅመው ያደሰበት ወጪ ከኪራዩ የሚታሰብለት ውል ነው፤ እርሱም ሌላ ርዕስ ነው።

የግል ባለይዞታውም ቢሆን ሌላ ነገር ይጠብቀዋል። በአዋጅ ቁጥር 80/1968 መሠረት የጣራና ግድግዳ ግብር ሲታሰብ የኖረው በገበያ ዋጋ ሳይሆን በቤቱ ዓመታዊ የኪራይ ግምት ላይ፣ ከ1 በመቶ እስከ 4.5 በመቶ በሆነ ምጣኔ ነው። ያ ግምት ለረጅም ዘመን ሳይከለስ በኖረበት ቤት፣ ባለቤቱ ሳያመለክት የኢሊኖዩን ዓይነት «የቆመ ግምት» ሲያገኝ ኖሯል ማለት ነው። እፎይታ ትርጉም የሚኖረው ግምቱ በየጊዜው በሚከለስበት ከተማ ብቻ ነው፤ በማይቆጠር ሥጋ ላይ «አልቆጥርብህም» ማለት ምንም አይደለምና። ስለዚህም አሁን ከእፎይታው በፊት መምጣት ያለበት ቤቶቹ ከመታደሳቸው በፊት በምን ሁኔታ ላይ እንደነበሩ የሚያሳይ መዝገብ ነው።

ይህን የምለው ከታክስ ጉዳይ ሳይሆን ከውርስ ክፍፍል ተምሬው ነው። ሦስት ወንድማማቾች የአባታቸውን ቤት ሲካፈሉ፣ ታላቁ በራሱ ገንዘብ ያደሰ ስለነበር «የጨመርሁት ከድርሻው ይውጣልኝ» አለ፤ ጥያቄው ከእድሳት እፎይታ ጋር አንድ ነው። ቤቱን ሳየው ጣራው አዲስ፣ ግድግዳው ልስን፣ ወለሉ ሴራሚክ ነበር። «ከእድሳቱ በፊት የተነሣ ፎቶ አላችሁ?» ብዬ ስጠይቅ እርስ በርሳቸው ተያዩ። በመጨረሻ እናታቸው ከሳጥን ውስጥ የታናሹን የሠርግ ፎቶ አወጡልኝ። ከሚዜዎቹ ትከሻ በላይ የዛገው የቆርቆሮ ጫፍ፣ በሙሽራዋ በስተግራ ከመስኮቱ እስከ መሠረቱ የወረደው ስንጥቅ ይታይ ነበር፤ ግምቴን የጀመርሁት ከእርሱ ነው።