የልጅነት ዕድገት፣ ሆርሞንና የጡት ካንሰር፦ ከጎጃም ሲታይ

የጡት ካንሰር የኢትዮጵያን ሴቶች ከሚያጠቁ ካንሰሮች ሁሉ ቀዳሚው ነው። እብጠቱ በአርባ ዓመት ቢታይም መንገዱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ልጅቷ ጡት ስታጎጠጉጥ ነው። በዚያን ጊዜ ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን የወተት ቱቦዎቹን ያስረዝማቸዋል፤ ሕዋሳቱ ግን እስከ መጀመሪያው እርግዝና ሙሉ በሙሉ አይበስሉም። እነዚህ ዓመታት ለጉዳት የተጋለጡ ናቸው። ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ ቦምብ ከተረፉት ሴቶች መካከል በኋላ ይበልጥ የታመሙት ያኔ 20 ዓመት ያልሞላቸው ነበሩ።

የወር አበባ በአንድ ዓመት በቀደመ ቁጥር አደጋው 5 በመቶ ያህል ይጨምራል። ረጃጅም ሴቶችም ከአጫጭሮቹ ይልቅ ይጠቃሉ፤ ልጅን ፈጥኖ የሚያሳድገው ምግብና የዕድገት ሆርሞን የጡትንም ሕዋስ ያባዛልና።

ለጎጃም ይህ የሚያም እውነት ነው። በምግብ እጥረት የቀነጨረች ልጅ የወር አበባዋ ይዘገያል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአማራ ክልል ሕፃናት 46 በመቶዎቹ የቀነጨሩ ነበሩ። ረሃብ የሚሰጠውን ከለላ የትኛዋም እናት ለልጇ አትመኝም። በልጅነት ተድሮ በልጅነት መውለድም እንደዚሁ ነው፤ ከጡት ካንሰር ቢያስጥልም በምጥ ላይ የሚያስከፍለው ይበልጣል።

ማጥባት ግን ሳይቆጠቡ የሚመሰገን ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ በ30 አገሮች የተሠሩ 47 ጥናቶችን ያጣመረ ትንተና እንዳሳየው፣ እያንዳንዱ ወሊድ አደጋውን 7 በመቶ፣ እያንዳንዱ የ12 ወር ማጥባት ደግሞ ተጨማሪ 4.3 በመቶ ይቀንሳል። አምስት ወልዳ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ዓመት ያጠባች የቢቸና እናት ዐሥር ዓመት አጥብታለች ማለት ነው። ደብረ ማርቆስ ተምራ፣ ሥራ ይዛ፣ በ30 ዓመቷ አንድ ወልዳ በስድስት ወሩ ወደ ቆርቆሮ ወተት የምትሻገር ልጇ ይህን ከለላ አትወርስም። ትምህርቷን ማንም አይቀማት፤ የሚያስፈልጋት በቂ የወሊድ ፈቃድና በሥራ ቦታ የማጥቢያ ክፍል ነው።

ከምግብ በኩል፣ በጉርምስና ዕድሜ አሰር (ፋይበር) የበዛበት አመጋገብ ከዝቅተኛ አደጋ ጋር ተያይዞ ታይቷል፤ ጤፉ፣ ሽሮውና ጎመኑ ከዚህ ወገን ናቸው። አልኮል ግን ጠላም ሆነ አረቄ አደጋውን ይጨምራል። ካረጡ በኋላ መወፈርም እንደዚሁ፤ ያኔ ኤስትሮጅን በዋናነት የሚመረተው ከስብ ነው።

የምታጠባ እናት ጡቷ ላይ እብጠት ስታገኝ «ወተት ቋጥሮ ነው» ትላለች፤ ብዙ ጊዜም ልክ ናት። ነገር ግን ከወሊድ በኋላ ባሉት ዓመታት አደጋው ለጊዜው ከፍ ይላል። ሕፃኑ ጠብቶ ከጠገበ በኋላም የማይሟሽሽ ጠጣር እብጠት፣ ባያምም እንኳ፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ሊያየው ይገባል።