ቫሪኮስ ቬን፦ የእግር ደም ሥሮች መወጣጠርና ሕክምናው በሀዋሳ

ቫሪኮስ ቬን በእግር ቆዳ ሥር ያሉ ደም መልሶች ከልካቸው በላይ ሰፍተውና ተጠማዝዘው ጎልተው የሚወጡበት ችግር ነው። በሕክምናው ይህ ስም የሚሰጠው ሰውየው ቆሞ ሲለካ ስፋታቸው 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሥሮች ነው። ከ1 ሚሊ ሜትር የሚቀጥኑት፣ በታፋና በቁርጭምጭሚት ዙሪያ ቀይ ወይም ሰማያዊ ሆነው እንደ ሸረሪት ድር የሚዘረጉት ደግሞ የሸረሪት ሥር ይባላሉ፤ በጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ስለማይጎሉ ብዙ ሰው ልብ አይላቸውም። ሁለቱ አብረው ቢገኙም ክብደታቸው አንድ አይደለም። የሸረሪት ሥር በአብዛኛው የመልክ ጉዳይ ነው፤ ቫሪኮስ ግን ሲቆይ ቆዳን እስከማቁሰል ሊደርስ ይችላል።

ደም ከልብ ወደ እግር መውረዱ አይከብደውም፤ ከባዱ ሥራ ከቁርጭምጭሚት ተነሥቶ መመለሱ ነው። ዝም ብሎ በቆመ ሰው ቁርጭምጭሚት አካባቢ በደም መልሱ ውስጥ ያለው ግፊት ከ80 እስከ 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል። ሰውየው መራመድ ሲጀምር የባት ጡንቻ ሥሮቹን እየጨመቀ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል፤ ግፊቱም ከ30 በታች ይወርዳል። የተገፋው ደም ተመልሶ እንዳይወርድ የሚያግዱት ወደ ልብ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈቱ ቫልቮች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ፣ ብዙውን ጊዜ ብሽሽት ላይ ወይም ከጉልበት ጀርባ ያለው፣ መግጠም ሲያቅተው ደሙ ወደ ታች ይመለሳል፣ ከሥሩ ያለው ደም መልስ ይለጠጣል፣ በዚህም የቀጣዩ ቫልቭ ክዳኖች ይራራቃሉ። ስለዚህ ባት ላይ የሚታየው ጥምዝምዝ የችግሩ መጨረሻ እንጂ መነሻ አይደለም። እሱን ብቻ ማከም ጣሪያው እያፈሰሰ ወለሉን እንደ መወልወል ነው።

ማን ይያዛል? ቤተሰቡ ውስጥ ችግሩ ያለበት፣ ዕድሜው የገፋ፣ ክብደት የጨመረ፣ ደጋግማ የወለደች፣ ከዚህ በፊት እግሩ ውስጥ ደም የረጋበት። ቆሞ መዋል በዚህ ላይ ይጨመራል። ሀዋሳ ደግሞ ቆሞ የሚውል ሰው የሞላባት ከተማ ናት፦ መምህሩ፣ የሆቴል አስተናጋጁ፣ ፀጉር ሠሪዋ፣ በዓሣ ገበያው በአሞራ ገደል ዓሣ ሲበልት የሚያረፍደው። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም ልብስ የሚሰፉት ተቀምጠው ሲውሉ፣ የሚተኩሱትና ጥራት የሚቆጣጠሩት ቆመው ይውላሉ። መቀመጡም ቢሆን መፍትሔ አይደለም፤ ባት ካልተንቀሳቀሰ ደም አይገፋም። በመሐል ተረከዝን ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ በዕረፍት ሰዓት ትንሽ መራመድ ከሁሉም ርካሹ እርዳታ ነው።

ምልክቱ የእግር መክበድ፣ ማሳከክ፣ ሌሊት የባት መኮማተር፣ ወደ ማታ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ማበጥ ነው። እብጠቱ ሲነጋ ይቀንሳል። በዚህ አካባቢ ግን ያበጠ እግር ሁሉ ቫሪኮስ ተደርጎ መታየት የለበትም። በሲዳማና በወላይታ ቀይ አፈር ባለባቸው ደጋማ ቦታዎች ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄዱ ሰዎችን የሚይዘው ፖዶኮኒዮሲስ፣ በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለው፣ ከእግር ጣቶችና ከመርገጫው ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ከሰውነት ትርፍ ፈሳሽ የሚሰበስቡት የሊምፍ ቧንቧዎች ሕመም ነው፤ ጥንቃቄውም ሌላ ነው፦ ጫማ፣ በየቀኑ መታጠብ፣ ቆዳን ማለስለስ። የልብና የኩላሊት ሕመምም እግር ያሳብጣል።

ከሁሉም የሚያስፈራው በድንገት ያበጠ፣ የሚሞቅና የሚያም አንድ እግር ነው፤ ውስጠኛው ደም መልስ ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን እግር ወጌሻ ዘንድ ወስዶ ማሳሸት አደጋ አለው፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ሊደርስ ይችላልና። የመርጋቱ አደጋ ከወሊድ በኋላ ባሉት 6 ሳምንታት ከፍ ይላል። የአራስ ወግ ጥሩ ነው፤ ገንፎውም፣ ዕረፍቱም። ነገር ግን አራስ ቀኑን ሙሉ ከአልጋ ሳትወርድ መዋል የለባትም፤ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትበል። በእርግዝና ጊዜ የወጡት ሥሮች ደግሞ ከወለደች በኋላ ባሉት ወራት አብዛኛውን ጊዜ ስለሚቀንሱ፣ ለማዘጋት መቸኮል አያስፈልግም።

ምርመራው የደምን ፍሰት በድምፅ ሞገድ የሚያሳየው ዶፕለር አልትራሳውንድ ነው፤ መርፌ የለውም፣ አያምም። ታካሚው ይቆማል፣ ክብደቱን በሌላው እግር ላይ ያደርጋል። መርማሪው ባቱን ጨመቅ አድርጎ ሲለቅ ደሙ በስክሪኑ ላይ በቀለም ወደ ላይ ሲሄድ ይታያል። ከዚያ ቀለሙ ተቀይሮ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ወደ ታች ከፈሰሰ ቫልቩ አይገጥምም ማለት ነው። አልጋ ላይ ተኝቶ ብቻ የተደረገ ምርመራ ይህን ሊያሳልፈው ስለሚችል፣ ቀጠሮ ሲያዝ ቆሞ የሚደረግ መሆኑን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቫሪኮስን የሚያጠፋ ቅባት የለም። ባትን አጥብቆ የሚይዘው የሕክምና ካልሲ ሕመሙንና እብጠቱን ይቀንሳል፤ የተበላሸውን ቫልቭ ግን አይጠግንም፣ የሚሠራውም እስከተለበሰ ድረስ ነው። ጠዋት እግር ሳያብጥ ነው የሚለበሰው፦ እስከ ተረከዙ ተገልብጦ መጀመሪያ መርገጫው ይገባል፣ ከዚያ ሳይታጠፍ ወደ ላይ ይሳባል። በሀዋሳ የበጋ ሙቀት ይህን ቀኑን ሙሉ መልበስ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ብዙዎች በሁለተኛው ሳምንት ቢተዉት አያስደንቅም። ስኳር ያለባቸው ወይም ሲራመዱ ባታቸውን የሚይዛቸው ሰዎች ደም ወደ እግር የሚያወርደው ደም ቅዳቸው በሐኪም ሳይታይ መልበስ የለባቸውም።

የተበላሸውን ሥር መዝጋት ሦስት ዋና መንገዶች አሉት። አንደኛው በአልትራሳውንድ እየታየ ቀጭን ቱቦ ወደ ሥሩ አስገብቶ በሌዘር ወይም በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት ማሸግ ነው፤ ቦታው ብቻ ይደነዝዛል፣ ታካሚውም በዚያው ቀን በእግሩ ይሄዳል። ሁለተኛው ፖሊዶካኖልን የመሰለ መድኃኒት አረፋ አድርጎ በመርፌ መስጠት ነው፤ ለሸረሪት ሥር ፈሳሹ ራሱ ይበቃል። መርፌው በጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ለወራት የሚቆይ ቡናማ ጥላ ሊተው እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ሦስተኛው ነባሩ ቀዶ ሕክምና ነው፦ ሥሩ ብሽሽት ላይ ታስሮ ይነቀላል። የእንግሊዙ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2013 ሙቀቱን አስቀድሞ፣ ካልሆነ አረፋውን፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምናውን አስቀምጧል። ያ ግን መሣሪያው በእጁ ላለ አገር የተጻፈ ነው። አንድ የሀዋሳ ታካሚ ሌዘር ፈልጎ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ መመላለስ ካለበት፣ በቅርቡ በጥሩ እጅ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና ያነሰ ምርጫ አይደለም።

ሥሩ ሲዘጋ ደሙ በየት ይሄዳል የሚለው ሥጋት የተለመደ ነው። ከእግር የሚመለሰው ደም 90 በመቶ ያህሉ የሚያልፈው በውስጠኞቹ ሥሮች ስለሆነ፣ የማይሠራው የላይኛው ቢዘጋ ጉዳት የለውም። ችግሩ በሌላ ሥር ከዓመታት በኋላ ሊመለስ እንደሚችል ግን ማወቅ ያስፈልጋል።

የጎላ ሥር ባለበት እግር ላይ ዋግምት ማስደረግ ወይም በምላጭ መብጣት ከባድ መድማት ያመጣል። ሥሩ በማንኛውም ምክንያት ከደማ ሰውየው ወዲያው በጀርባው ይተኛ፣ እግሩ ከልብ ከፍ ይበል፣ የደማው ቦታ በንጹሕ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ሳይለቀቅ ይጫን፤ ታፋን በገመድ ማሰር አያስፈልግም። ደሙ ቢቆምም በማግስቱ ሐኪም ሥሩን ማየት አለበት፤ አንዴ የደማ ሥር ደግሞ ሊደማ ይችላልና።