ሙሉ ዘንግ፣ የማይሰማ ድምፅ፦ ስለ ተንቀሳቃሽ ስልክ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ተንቀሳቃሽ ስልክ ከሁሉ በፊት ሬዲዮ ነው፤ ግን እንደ ቤታችን ሬዲዮ ተቀባይ ብቻ ሳይሆን ራሱም የሚያሠራጭ ነው። ስለዚህ ዕቃ ከሚነገሩት የተሳሳቱ አባባሎች ብዙዎቹ የሚመነጩት ይህን ከመዘንጋት ይመስለኛል። ስልኩ ከኔትወርክ ማማው እንደሚሰማ እናውቃለን፤ ለማማው መልስ እንደሚሰጥና ለዚያም ከትንሿ ባትሪው ኃይል እንደሚያወጣ ግን አናሰላም።

«ጥሪው የሚሄደው በሳተላይት ነው»

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚደውል ሰው ድምፁ ወደ ሰማይ ወጥቶ የሚመለስ ይመስለዋል። ከቀፎው የሚወጣው ሞገድ ግን ጉዞው የሚያበቃው በአቅራቢያው ባለ ማማ ላይ ነው። ጂ.ኤስ.ኤም. በሚባለው በሁለተኛው ትውልድ (2ጂ) የተንቀሳቃሽ ስልክ ሥርዓት እንኳ በመደበኛ አሠራሩ ከ35 ኪሎ ሜትር አያልፍም፤ በከተማ ውስጥ ደግሞ ርቀቱ ከዚህ እጅግ ያንሳል። ከማማው ወዲያ ድምፁን የሚያደርሱት የፋይበር ገመድና የማይክሮዌቭ መስመር ናቸው፤ ውቅያኖሱንም የሚያሻግረው ከባሕር ሥር የተዘረጋ ፋይበር ነው። በ36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ባለ ሳተላይት በኩል ቢሆን ኖሮ ድምፁ ወጥቶ እስኪወርድ ሩብ ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅ፣ ተነጋጋሪዎቹ እርስ በርስ እየተቋረጡ ይቸገሩ ነበር። በርግጥ ራቅ ባለ ስፍራ የቆመን ማማ ከዋናው መረብ ለማገናኘት ሳተላይት የሚያገለግልበት ጊዜ አለ፤ ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህም ለአደጋ ጊዜ መልእክት በቀጥታ ወደ ሳተላይት የሚልኩ ቀፎዎች ወጥተዋል። የዕለት ተዕለቱ ጥሪ ግን ምድራዊ ነው።

የቀፎው ድምፅ ሩቅ አለመድረሱ ታስቦበት የተደረገ ነው። በ1947 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው የቤል ላቦራቶሪ የነበረው መሐንዲስ ዳግላስ ሪንግ ያቀረበው ሐሳብ፣ ምድሩን እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ በትናንሽ ክልሎች ከፋፍሎ፣ አንዱን የሬዲዮ ሞገድ ርቀው በሚገኙ ክልሎች ደጋግሞ ማሠራት ነበር። እያንዳንዱ ቀፎ ኃይለኛ ቢሆን ኖሮ ሩቅ ያሉትን ክልሎች ይረብሽና ሥርዓቱ በሙሉ ይፈርስ ነበር።

«ዘንጉ ሙሉ ከሆነ ኔትወርኩ ጥሩ ነው»

በበዓል ቀን ሕዝብ በተሰበሰበበት አደባባይ ቆሞ የደወለ ሰው ይህን አባባል ለመጠራጠር በቂ ምክንያት አለው፤ በስክሪኑ ጥግ ያሉት የኔትወርክ ዘንጎች ሁሉ ተደርድረው ጥሪው አልወጣም ይላል። ዘንጉ የሚለካው ስልካችን ማማውን ምን ያህል እንደሚሰማ ነው። ማማው እኛን ይሰማን እንደሆነ፣ ከሰማንም የሚሰጠን ቦታ ቀርቶለት እንደሆነ አይናገርም። ማማው በአሥር ዋቶች በሚቆጠር ኃይል ሲናገር የአራተኛው ትውልድ ቀፎ ግን ቢበዛ በ0.2 ዋት ያህል ነው የሚመልሰው፤ ስለዚህ የእርሱ ድምፅ ለእኛ ደርሶ የእኛ ለእርሱ ላይደርስ ይችላል። የቦታውን ጉዳይ ለመረዳት ጂ.ኤስ.ኤም.ን እንመልከት፦ አንድ የሬዲዮ መስመር በጊዜ ተከፋፍሎ 8 ክፍተቶች ይወጡለታል፤ በተለመደው አሠራር አንድ ተነጋጋሪ አንዱን ክፍተት ይይዛል። ክፍተቶቹ ከተያዙ ቀጣዩ ደዋይ ማማው ሥር ቢቆምም ቦታ አያገኝም።

ከዚህም በላይ ስንት ዘንግ መታየት እንዳለበት የሚወስን ዓለም አቀፍ ደንብ የለም፤ አምራቹ እንደ ፈቀደ ይሣለዋል። ይህ በግልጽ የታየው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዓመት የወጣው አይፎን 4 አንቴናው በዳር ዳሩ በተሠራው የብረት ክፈፍ ውስጥ ስለነበር፣ በግራ በኩል ከታች ያለውን ክፍተት መዳፍ ሲሸፍነው ዘንጎቹ ተከታትለው ይወርዱ ጀመር። አፕል ጉዳዩን መርምሬ ደረስኩበት ያለው ምክንያት ብዙዎችን አስገርሟል፤ ዘንጉ የሚሰላበት ቀመር ከመጀመሪያው የተሳሳተ ስለነበር ብዙ ጊዜ ከሚገባው በ2 ዘንግ አብልጦ ያሳይ ነበር፤ ማለትም ደካማው ኔትወርክ ቀድሞም ደካማ ነበር ማለት ነው። ኩባንያው ቀመሩን አስተካከለ፤ እጅ ብረቱን እንዳይነካም ለገዢዎች ነፃ ሽፋን አደለ። ለእኔ የሁለተኛው እርምጃ ትርጉም ከመጀመሪያው ይልቅ ግልጽ ነው፤ ቀመር ብቻ ቢሆን ኖሮ ሽፋን ባላስፈለገ ነበር።

«ማማ ሰፈራችን ከተተከለ ጨረሩ ይበዛብናል»

ስጋቱ የሚከበር ነው፤ ስሌቱ ግን የተገለበጠ ነው። ወደ ጭንቅላታችን ተጠግቶ የሚያሠራጨው ማማው ሳይሆን ቀፎው ነው፤ ቀፎው ደግሞ ድምፁን እንደ ርቀቱ ያስተካክላል። ማማው ቅርብ ሲሆን «ቀስ ብለህ ተናገር» የሚል ትእዛዝ ይልክለታል፤ ሲርቅ ወይም ግድግዳ ሲበዛ ግን ቀፎው የተፈቀደለትን ከፍተኛ ኃይል ይጠቀማል፤ በ900 ሜጋኸርትዝ ሞገድ በሚሠራው ጂ.ኤስ.ኤም. ይህ እስከ 2 ዋት ይደርሳል። ገጠር ሲወጡ ባትሪ ቶሎ የሚያልቀውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ይህን ጩኸት በጆሮ መስማትም ይቻል ነበር፤ ስልክ ሊጠራ ሲል በአጠገቡ ያለ ሬዲዮ ወይም ድምፅ ማጉያ «ድድድት ድድድት» የሚለው፣ የጂ.ኤስ.ኤም. ቀፎ በሰከንድ 217 ጊዜ ያህል ብልጭ ጥፍት እያለ ስለሚያሠራጭ ነው።

ሞገዱ ራሱ እንደ ኤክስሬይ ከአቶም ኤሌክትሮን የሚነጥቅ ጉልበት የለውም፤ በእርግጠኝነት የታወቀው ተጽዕኖው ጥቂት ማሞቅ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በ2011 እ.ኤ.አ. «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» በሚለው ምድብ ውስጥ ማስገባቱ እውነት ነው፤ ይህ ምድብ ግን ማስረጃው ውስን መሆኑን የሚገልጽ እንጂ ያመጣል የሚል ፍርድ አይደለም።

«አዲስ ባትሪ መጀመሪያ 8 ሰዓት ይሞላ፤ ሳያልቅ አይሰካ»

ምክሩ በዘመኑ ትክክል ነበር። የቀድሞዎቹ የኒኬልና የካድሚየም ባትሪዎች በከፊል እየተሞሉ ሲቆዩ ሙሉ አቅማቸውን የሚረሱ ይመስሉ ነበር። ሶኒ በ1991 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበውና ዛሬ በእጃችን ያለው የሊቲየም አዮን ባትሪ ግን ይህ ጠባይ የለውም፤ እንዲያውም እስከ ዜሮ መውረድን አይወድም። ሌሊቱን ተሰክቶ ቢያድርም ከልክ በላይ አይሞላም፤ ቮልቴጁ 4.2 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ተቆጣጣሪው ክፍል ኃይሉን ያቆማል። የሚያስረጀው ሞልቶ ለረጅም ሰዓት መቆየቱና ሙቀቱ ነው፤ ስለዚህ ትራስ ሥር አድርጎ መሙላት ከሁሉ የከፋ ልማድ ነው። ብዙ አዳዲስ ስልኮች 80 በመቶ ላይ እንዲቆሙ ማዘዝ የሚቻለውም ለዚህ ነው።

«ያለ ኢንተርኔት ያለንበትን ቦታ አያውቅም»

ስልኩ ያለንበትን ቦታ በሳተላይት የሚያውቅበት ጂ.ፒ.ኤስ. ጆሮ ብቻ ነው፤ ቀፎው ለሳተላይቶቹ ምንም አይልክም። በ20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚዞሩት ሳተላይቶች ሰዓታቸውንና ያሉበትን ቦታ ያሠራጫሉ፤ ስልኩ ቢያንስ ከ4 ሳተላይቶች የደረሰውን አነጻጽሮ የራሱን ቦታ ያሰላል። በሰዓት ልኬት ላይ የአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ስሕተት 300 ሜትር ያህል ያስታል። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ካርታውን ለማውረድና ሳተላይቶቹን ቶሎ ለማግኘት ነው፤ እርሱ ከሌለ ክፍት ሰማይ ሥር ቆሞ ግማሽ ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ መታገሥ ይበቃል።

«ቁጥሬ ያለው ሲም ካርዱ ውስጥ ነው»

ሲም ካርዱ የሚይዘው ደንበኛውን የሚለይ መታወቂያና ከካርዱ የማይወጣ ምስጢራዊ ቁልፍ ነው። የምንደወልበት ቁጥር ከዚያ መታወቂያ ጋር የሚያያዘው በአገልግሎት ሰጪው መዝገብ ላይ ነው። ካርዱ ሲጠፋ ቁጥሩ የማይጠፋውም፣ ምትክ ሲም በወጣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አሮጌው ዝም የሚለውም በዚህ የተነሳ ነው።